ክዳኑ አራት ኪሎ፣ መሶቡ ጀሞ

የእማዬ መሶብ ጀሞ ነው ያለው። ክዳኑ እኔ ጋ ነው፣ አራት ኪሎ። 2016 ላይ የፒያሳው ቤታችን ሲፈርስ ዕቃው በሁለት አይሱዙ ተጫነ። አንዱ ወደ እህቴ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ሌላው እኔ ወደ ተከራየሁት ክፍል መጣ። በዚያ ግርግር መሶቡ በአንዱ፣ ክዳኑ በሌላው ተሳፈረ። ማታ ላይ እህቴ ደወለች።

«ክዳኑ አንቺ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«በቃ፣ ስትመጪ ይዘሽው ነይ።»

ከዚያ ወዲህ ጀሞ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አልቆጠርኩም። ክዳኑን ግን አንድም ቀን ይዤ አልሄድኩም። አንዴ በታክሲ አይመችም ብዬ፣ አንዴ ዝናብ ነው ብዬ፣ አንዴ ረስቼው። እህቴም መጠየቅ ተወች። የከነከነኝ እሱ ነው፣ መጠየቅ መተዋ። ክዳኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ማታ ከአልጋዬ ሆኜ ሳየው ነጠላ ተከናንባ የተቀመጠች አሮጊት ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ስለ ባሕር ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። መሶቡ መሃል ገባብኝ። እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ።

ጋሽ ሌንስ

ከጊዮርጊስ ወረድ ስትሉ፣ ከመፍረስ ከተረፉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ውስጥ የሚሠሩትን ሽማግሌ ሰፈሩ «ጋሽ ሌንስ» ይላቸዋል። ካሜራ ይጠግናሉ። የመነጽር ብሎን ያጠብቃሉ። ከትምህርት ቤትና ከክሊኒክ የሚመጣ ማይክሮስኮፕ ፈትተው ይገጥማሉ። ዋጋ ሲጠየቁ መጀመሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ የሚናገሩት ቁጥር ሁሌም ከጠበቃችሁት ያነሰ ነው።

ባለፈው ጥቅምት መነጽሬ ላይ ተቀመጥኩበት። አንድ እግሩ ተገነጠለ። ወሰድኩላቸው።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ይቺን ልጨርስ» አሉኝ።

ፊታቸው አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ቆሟል። ሌንሱን አጽድተው መግጠማቸው ነው። ከመሳቢያ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለች ስላይድ አወጡ። ጠርዟ ላይ ያለው ማጣበቂያ ቢጫ ሆኗል። የተለጠፈባት ወረቀት ላይ የፈረንጅ የእጅ ጽሑፍ አለ፣ ደብዝዟል።

«ይቺ ፈታኜ ናት» አሉ። «ሌንሱ ደህና ይሁን አይሁን የምትነግረኝ እሷ ናት።»

ዓይናቸውን አስጠግተው ቁልፉን ወዲያ ወዲህ አዞሩ። ፈገግ አሉና ወንበሩን ለቀቁልኝ።

«ያለ መነጽር አላይም እኮ» አልኳቸው።

«ለዚህ መነጽር አያስፈልግሽም። ቁልፉን እስኪጠራልሽ አዙሪው፣ እሱ ያስተካክልልሻል።»

መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። እጄን ይዘው አዞሩልኝ። ጭጋጉ ቀስ እያለ ተሰበሰበና ክብ ነገር ሆነ። ክቡ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ቀዳዳዎቹ እንደነገሩ አልተበሱም። ከመሃል ተነስተው በረድፍ በረድፍ ወደ ዳር ይወጣሉ። እኔ የስፌት ሴት ልጅ ነኝ። አክርማ ውሃ ስነክር፣ ስንደዶ ስለቅም ነው ያደግኩት። ወስፌ ጣቴን የወጋኝን ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። ያየሁት ነገር ስፌት ነው። ከእምብርቱ ተጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ ያደገ ስፌት። እጅ የለም እንጂ።

አጠገቡ ደግሞ ቀጭን፣ ወዲያና ወዲህ ቀለስ ያለ ሌላ ቅርጽ ተኝቷል።

«ቀጭኗ ላይ መስመር ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«ቀስ ብለሽ። በጣም ቀስ ብለሽ አዙሪ።»

አዞርኩ። ትንፋሼን ይዤ ነበር መሰለኝ። መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ወጡ። እንደ ጥበብ ድር የቀጠኑ፣ የተላለፉ መስመሮች።

«ሚሊሜትር የምትባለዋን ታውቂያለሽ አይደል? በአንዷ ሚሊሜትር ውስጥ 2000 ገደማ መስመር ነው የሚገባው። ደካማ ሌንስ ይህን አይለይም። ፈረንጆቹም ጥንት በዚህ ነበር የሚፈትኑት።»

«ግን ምንድን ነው?»

«ዲያቶም። የባሕር ናት። ቤቷ መስታወት ነው።»

ጋሽ ሌንስ ድሮ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተዋል። ያስተማሯቸው መምህራን ያሉትን አንድም አልጣሉም። ዲያቶም ባለ አንድ ህዋስ ናት አሉኝ። አንድ ህዋስ፣ በቃ። ሥር የላት፣ ቅጠል የላት። እንደ ዛፍ ግን በፀሐይ ብርሃን ትኖራለች። እኛ መስታወት ለማቅለጥ ከሺህ ዲግሪ በላይ እሳት እናነዳለን። እሷ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ተቀምጣ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሲሊካ፣ አሸዋ የሚሠራበትን ነገር፣ እየለቀመች መስታወቷን ትሠራለች። ያየኋት ክቧ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብትሆን ነው። ከዚያች በብዙ የሚያንሱም አሉ።

ከዚያ ያደረጉትን አልረሳውም። ጠረጴዛው ላይ ብሎን የሚያጠራቅሙባት የኪዊ ቀለም ቆርቆሮ ነበረች። ብሎኖቹን ጋዜጣ ላይ ዘረገፉ። ቆርቆሮዋን ከፍተው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያዙ።

«ቤቷ እንዲህ ነው። ክዳን አለ፣ ታች አለ። ክዳኑ ትንሽ ይሰፋል፣ ታቹን ይውጠዋል። መራባት ስትፈልግ ለሁለት ትከፈላለች። አንዷ ልጅ ክዳኑን ትወስዳለች፣ አንዷ ታቹን።»

«ክዳን ብቻ ምን ያደርግላታል?»

«ታቹን ራሷ ትሠራለታለች።»

«ታቹን የወሰደችውስ?»

«ታቹን ገልብጣ ክዳን ታደርገዋለች» አሉና ገለበጡት። «ሁለቱም የደረሳቸውን ክዳን ነው የሚያደርጉት። ለዚያ ክዳን የሚሆን ታች ከውስጥ ይሠራሉ።»

ቆርቆሮዋን አየኋት። ቁም ሳጥኔ ላይ የተቀመጠው ነገር ትዝ አለኝ። ምንም አላልኩም። እሳቸው ቀጠሉ።

«ችግሩ ምንድን ነው፣ አዲሱ ታች ሁሌ ከውስጥ ስለሚገባ ያንሳል። ታቹን የወሰደችዋ ከእናቷ ታንሳለች። የእሷ ልጅ ደግሞ ከእሷ። እንዲያ እያለ መስታወቱ በየትውልዱ ይጠባል። አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።»

«ሄዶ ሄዶ ሊያልቅ ነዋ!»

«አያልቅም። ከመጀመሪያው ሲሶ ገደማ ሲቀር አንድ ነገር ይመጣል። ወንድና ሴት ይሆኑና ይገናኛሉ። ከሁለቱ የምትፈጠረው መስታወት የላትም። ራቁቷን ናት። ቤት ስለሌላት የሚያግዳት የለም፣ ታብጣለች፣ ትተልቃለች። የመጀመሪያውን መጠን ስታገኝ ያኔ አዲስ መስታወት ትለብሳለች።»

«ካልተገናኙስ?»

«እንዲያ እያነሱ ይሞታሉ።»

መነጽሬን ጠገኑልኝ። ጣሪያውን አይተው 50 ብር አሉኝ። ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ አዲስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ አምፖሉ ብዛቱ። የቤታችን ቦታ የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ። አልቻልኩም። አሁን ደህና አድርጎ ያያል ዓይኔ፣ መነጽሬ ተጠግኗል። ምልክት የማደርገው ነገር ግን አጣሁ።

«ይሄ ምጽዋ ነው»

እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስለ ባሕር አንድ ወሬ ብቻ ነበራት። በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሆና፣ አስመራ አጎቷ ጋ ኖራለች። አንድ ጊዜ ምጽዋ ይዟት ወረደ። ማታ ነው። ጨረቃ የለም። ውሃው ዳር ቁጭ ብላ እጇን ከተተች።

«በራ» ትለናለች። «ሰማያዊ ሆኖ ጣቴ መሃል በራ። እሳት የለው፣ ሙቀት የለው። እጄን ሳቆም ጠፋ። ዝም ካሉት ዝም ይላል።»

እኔና እህቴ በሳቅ እንፈርስ ነበር። ቆይቶ የቤታችን ቋንቋ ሆነ። አንድ ሰው ሲያጋንን «ይሄ ምጽዋ ነው» እንባባላለን። እማዬ ፊትም እንለዋለን። ስንስቅ እሷም ትስቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ወሬውን ማውራት ተወች። መቼ እንደተወች አላስታውስም። እንደ እህቴ ነው፣ ዝም ብላ ተወች።

ከጋሽ ሌንስ ጋር ካወራሁ በኋላ ማታ ማታ ስለ ባሕር ጥቃቅን ነገር ማንበብ ጀምሬ ነበር። ስልኬ ላይ፣ ዓይኔ እስኪቀላ። አንድ ቀን ዳይኖፍላጄሌት ላይ ደረስኩ። እነዚህም ባለ አንድ ህዋስ ናቸው። እንደ ጅራፍ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ጭራዎች አሏቸው፣ በእነሱ እየተሽከረከሩ ነው የሚሄዱት። ከእነሱ አንዳንዶቹ ያበራሉ። ቀይ ባሕርን ጨምሮ በብዙ ባሕር አሉ። ሰውነታቸው ውስጥ ሉሲፈሪን የሚባል ነገር አለ፣ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ያለ ሙቀት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። የሚያበሩት ማታ ነው። የሚያበሩትም ውሃው ሲናወጥ ነው። አንዱ ብልጭታ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ብዙም አይረዝምም። ሊበላቸው የመጣውን ለማስደንገጥ ነው ይላሉ አጥኚዎች። ወይም የበሊታውን በሊታ ለመጥራት፣ እንደ «ሌባ! ሌባ!» ጩኸት ማለት ነው።

ዝም ካሉት ዝም ይላል።

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። የሚዋሽ ሰው ባሕሩ አበራ ሊል ይችላል። ዝም ሲሉት እንደሚጠፋ ግን ከየት ያመጣዋል? ያንን ለማወቅ እጅን መክተት፣ ከዚያ ማቆም ያስፈልጋል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ምጽዋ ላይ እጇን ከተተች፣ አቆመች፣ አየች። አጥኚ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ውጤቱን ለሁለት ልጆቿ ነገረች። እኛ ሳቅን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለእህቴ ልጽፍላት ጀመርኩና አጠፋሁት። በስልክ የሚባል ነገር አልመሰለኝም።

ምጽዋን ፍለጋ ሳነብ ሌላ ታሪክ አገኘሁ። ክርስቲያን ኤረንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ከጓደኛው ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር ለዓመታት ግብፅንና ቀይ ባሕርን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1823 ሲና ጠረፍ፣ ቶር የምትባል ቦታ ላይ ውሃው ቀልቶ አየ። ቀርቦ ሲመረምረው ያቀላው ደለል አይደለም። ነፍስ ያለው፣ እንደ ክር የተያያዘ ደቂቅ ነገር ነው። በ1830 ስም አወጣለት፦ ትራይኮደስሚየም ኤሪትሪየም። ሁለተኛውን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡትማ። በግሪክ ቀይ ማለት ነው። መጽሐፋችን ባሕረ ኤርትራ የሚለው፣ ጣልያን በ1890 ለቅኝ ግዛቷ ያወጣችው ስም፣ ሁሉም የተቀዳው ከዚያው ቃል ነው። ባሕሩ ራሱ ቀይ የተባለው በዚህ ክር ምክንያት ይሆናል የሚሉም አሉ።

ሄምፕሪሽ ግን አልተመለሰም። በ1825 ምጽዋ ላይ ንዳድ ገደለው። ኤረንበርግ ብቻውን አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜ አብዛኛውን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ነው የጨረሰው። ሰው ተራ ድንጋይ ነው ብሎ የሚያልፈው ነገር የደቂቅ ፍጥረታት ቅርፊት ክምር መሆኑን ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። ጓደኛን ባሕር ዳር ቀብሮ ተመልሶ የባሕርን ትንሹን ነገር ሲያዩ መኖር ምን እንደሚመስል ሳስብ ነበር። መቼም ሥራ ነው ይባላል። እኔ ግን ሥራ ብቻ አይመስለኝም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ትልቁ ያየሁት ውሃ ላንጋኖ ነው። ደግሞ ባሕር ሲነሳ እኛ ጋ ወሬው ወዲያው ወደብ ይሆናል፣ ክርክሩ ይጦፋል። እኔን የናፈቀኝ ወደብ አልነበረም። ጨለማ ውስጥ እጅ መክተት ነው።

ከሁለት ትንፋሽ አንዱ

ሰው አዲስ ነገር ሲያውቅ አፉ አያርፍም። በዚያ ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ አሰለቸሁ። ቢሮ ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። የምወዳት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፦ «ከምትተነፍሱት ሁለት ትንፋሽ አንዱን የሰጣችሁ የባሕር ፕላንክተን ነው።» ፕላንክተን የምለው እነዚያን ውሃው የሚወስዳቸውን የባሕር ደቂቆች ነው፣ ዲያቶምም ከእነሱ ናት። ሰው ይደነቃል። እኔም በመደነቁ እደሰታለሁ።

የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ትማራለች፣ አራት ኪሎ ግቢ። ምሳ እኔ ጋ እየመጣች ትበላለች። አንድ ቀን ሽሮ እየበላን ይህንኑ ነገርኳት። ጉርሻዋን ጨርሳ ውሃ ጠጣች።

«አክስቴ፣ ግማሹ ልክ ነው» አለች።

ልክ የሆነው ይሄ ነው። በዓለም ላይ በፎቶሲንተሲስ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ከባሕር ይወጣል። የዲያቶም ድርሻ ብቻ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ይገመታል። ይህን የሚሠሩት ደቂቆች ሁሉ ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ብርሃን ከሚበላው የዓለም ሕይወት ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። የሚችሉት ስለሚፈጥኑ ነው። ዋርካ መቶ ዓመት ቆሞ ይኖራል። እነሱ በቀናት ውስጥ ተወልደው፣ ተከፍለው፣ ተበልተው ያልቃሉ፣ ሌላው ይተካል።

«የተሳሳትሽው እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። «ባሕር ያበሰለውን ራሱ ነው የሚበላው። አሳው፣ ባክቴሪያው፣ የሞተውን የሚያበሰብሰው ሁሉ ያንኑ ኦክስጅን መልሶ ይጨርሰዋል። አንቺ አሁን የምትተነፍሺው ትርፉን ነው።»

«ትርፉ ከየት መጣ?»

«ሳይበሰብሱ ከተቀበሩት። በጣም ጥቂቱ የባሕር ወለል ላይ ጭቃ ይጫነውና ማንም ሳይበላው ይቀራል። እሱን ለማበስበስ ይወጣ የነበረው ኦክስጅን ተረፈ። በሚሊዮን በሚሊዮን ዓመታት ተጠራቀመ።»

ሽሮው ቀዘቀዘብኝ። የእኔ ዓረፍተ ነገር ደስ ትል ነበር፣ ዛሬ ተመርቶ ዛሬ የሚታደል ትኩስ ዳቦ ትመስል ነበር። እውነተኛው ግን የቆየ ጎተራ ነው። ማንም ሰው የማያስታውሳቸው ሙታን የተዉት። እውነቱ ከፉከራዬ ይሻል ነበር፣ እኔ ግን ፉከራዬን ነው ለስንቱ ያከፋፈልኩት። ለቅሶ ቤት የነገርኳቸውን ሰዎች ተመልሼ ማረም አልችልም፣ እዚህ እንዳረምኩ ይቆጠርልኝ።

ፕላንክተን የሚለውን ቃል ቪክቶር ሄንሰን የሚባል ጀርመናዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው፣ ከግሪክ። ተንከራታች ማለት ነው። በመጠን ማነስ የተሰጠ ስም አይደለም። የውሃውን ፍሰት ተቋቁሞ መዋኘት የማይችል፣ ውሃው ወደ ወሰደው የሚሄድ ሁሉ ፕላንክተን ነው። ጄሊፊሽም ሳይቀር። ስሙን ሳነብ እማዬ የምትወዳት ተረት ትዝ አለችኝ፦ ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት። ለእነሱም ይሠራል። ዕድሜያቸውን ብርሃን ያለበት ላይኛው ውሃ ውስጥ ሲንከራተቱ ይኖራሉ። መስታወት ከባድ ነው፣ ያሰምጣል። ስለዚህ ጠብታ ዘይት ሆዳቸው ውስጥ ይይዛሉ፣ እሾህ ያበቅላሉ፣ ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ። ሲሞቱ ይወርዳሉ። እንደ ካፊያ፣ ቀን ከሌት፣ ወደ ጨለማው ወለል።

ሁሉም መስታወት አይለብሱም። ኮኮሊቶፎርና ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ቤታቸውን ከኖራ ነው የሚሠሩት። እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ያለው ነጭ ገደል በአብዛኛው የኮኮሊቶፎር ቅርፊት ነው። እኛስ? ወደ ጎጃም ስትወርዱ የዓባይ በረሃ ግድግዳ ላይ ተደርቦ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር፣ የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ዛጎል አለበት፣ ጭቃም አለበት፣ እነዚህ ደቂቆችም አሉበት። ሙገር ላይ ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ሲሚንቶ ይሠራል። ፒያሳ ቤታችን የጭቃ ነበር፣ አፈር ሆነ። አሁን ከተማው ላይ በሚቆመው ኮንክሪት ውስጥ ግን የዚያ ባሕር ሙታን የማይኖሩበት ምክንያት አይታየኝም። ለጋሽ ሌንስ ይህን ስነግራቸው ጣሪያቸውን አዩ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው።

የቀበና ውሃ

የእህቴ ልጅ ከቀበና ድልድይ ሥር በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። ከድንጋይ ላይ በጥርስ ብሩሽ የፋቀችው ቡናማ ዝቃጭ ነው። ሽታውን አልነግራችሁም፣ በዚያ የሚያልፍ ያውቀዋል። ጋሽ ሌንስ ጋ ይዘን ሄድን። እሳቸው አፍንጫቸውን ይዘው አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አኖሩ።

የመሳቢያዋ ዲያቶም የሞተች ናት፣ ባዶ ቤት ናት። እነዚህ ግን ነፍስ አላቸው። ትናንሽ ጀልባ ይመስላሉ። ውስጣቸው ማር የመሰለ ቀለም አለ። አንዷ እግርም ጭራም ሳይኖራት ቀጥ ብላ ተንሸራተተች። አንድ ቆሻሻ ገጨች። ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ መኪና እንደሚመለስ።

«ውይ! ሄደች እኮ!» አልኩ፣ ልጅቷን ገፍቼ ወንበሩን ያዝኩ።

የባሕር አይደሉም፣ የወንዝ ዘመዶቻቸው ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የቀበናንና የአቃቂን ብክለት በእነሱ ለክቷል። ወንዙ ሲከፋ በዓይን የሚታዩት ትንንሽ ነፍሳት ጭራሽ ይጠፋሉ። ዲያቶም ግን እዚያም ትገኛለች። የትኛው ዓይነት እንደቀረና የትኛው እንደሸሸ በማየት ውሃው ምን ያህል እንደታመመ ይታወቃል። ጋሽ ሌንስ ይህን ሲሰሙ «እኔን እኮ ነው የምትመስለው፣ ሁሉ ሲሄድ እዚሁ የቀረች» አሉና ሳቁ። አብረናቸው አልሳቅንም። የእሳቸውም ክፍል ቁጥር ተጽፎባታል ይባላል።

ጀሞ

በማግስቱ እሁድ ነበር። ክዳኑን በነጠላ ጠቅልዬ ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ የሁለት ሰው ካልከፈልሽ አለኝ፣ ከፈልኩ። ሜክሲኮ ወርጄ ሌላ ያዝኩ። ጀሞ ስደርስ አንገቴ ደርቋል።

እህቴ በሩን ከፍታ እቅፌን አየች። ምንም አላለችም። ገባሁ። መሶቡ ሳሎን ጥግ ላይ ቆሟል። ክዳን አለው።

አዲስ ነው። አክርማው ገና አላረጀም፣ ቀይና አረንጓዴው ይጮሃል። ከጎረቤቷ አሰፍታው ነው፣ ባለፈው ፋሲካ። ልክ ነው የገጠመው።

«ስትቆዪብኝ ጊዜ» አለች። «እንጀራዬ ሊደርቅ ነው?»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ክዳኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ቡና አፈላች። ሁለተኛው ላይ ምጽዋን ነገርኳት። ዳይኖፍላጄሌቱን፣ ሰማያዊውን፣ ዝም ካሉት ዝም ይላልን። ሲኒዋን አስቀመጠች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ታማ ተኝታ» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ወጥተሽ፣ አንድ ቀን ነገረችኝ። ደግማ። እጄ ላይ ትንሽ ቀረ ነበር፣ ሳወጣው ጣቴ ላይ ብልጭ አለ አለችኝ። እኔ ደግሞ ትኩሳቱ ነው ብዬ…»

አልጨረሰችውም።

ስወጣ ክዳኑን ልተውላት ፈለግኩ። እምቢ አለች። «ምን ላድርገው? እኔ አለኝ። አንቺም ታች አሠሪለት።»

ይዤው ተመለስኩ። ረዳቱ አሁንም የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

በሳምንቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስፌት የምትሰፋ አንዲት እናት ጋ ወሰድኩት። ገልብጣ አየችው። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰች፣ እምብርቱን ተጫነችው።

«የማን እጅ ነው?»

«የእናቴ።»

«እጇ ጠበቅ ያለ ነበር» አለች። «ግን የኔ ልጅ፣ ሰው ለመሶብ ክዳን ያሰፋል እንጂ ለክዳን መሶብ አያሰፋም። ከላይ ተነስቼ ወደ ታች ሰፍቼ አላውቅም።»

«አይሆንም?»

«መሆኑስ ይሆናል። ከውስጥ እንዲገባ ብዬ ስሰፋው ግን ይጠባል። እንደ ድሮው አይሆንልሽም።»

«ይጥበብ» አልኳት።

አክርማውን ውሃ ውስጥ ነከረችው።